በዘመነ ወረርሽኝ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ጊዜው መቼ ነው?

የመስከረም ወር ገብቶ የመስቀል በዓል ሲቃረብ፣ በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ ሰፈር፣ ዓመቱን ሙሉ ሸማ ሲሠሩ የከረሙት የጋሞ ተወላጆች መወርወሪያቸውን አስቀምጠው፣ ለእናት የሚሆነውን ነጠላና ለአባት የሚሆነውን ጋቢ ጠቅልለው፣ በጋሞ ማስቃላ የሚባለውን መስቀልን ከወላጆቻቸው ጋራ ለማክበር ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ፣ ወደ ቦንኬና ወደ ካምባ ይጓዛሉ። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ መስኮቱ በተዘጋ አውቶቡስ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ከመጡ በኋላ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ደጋው የሚያወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት ተያይዘው፣ ከቀርከሃ በተሠራው ረጅም የዶርዜ ቤት ውስጥ በምድጃው ዙሪያ አያትና የልጅ ልጅ፣ እንግዳና ባለቤት፣ በአንድ ጢስና በአንድ ትንፋሽ ይሰነብታሉ። ይህ ናፍቆት የሚወጣበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ዓመት ሙሉ የተጠበቀ ጉባኤ ነው፤ በትንፋሽ ለሚጓዝ ደዌም ከዚህ የበለጠ የተመቻቸ ወቅት የለም።

ዘመኑ ዘመነ ወረርሽኝ በሆነ ጊዜ ነገሩ ይከብዳል። የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን እስካስታወቀበት እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ የሰው ሐሳብ ሁሉ በአንዱ ደዌ ላይ ተቸንክሮ ሳለ፣ ጥንታዊው ደዌ ኢንፍሉዌንዛ ከሞላ ጐደል ተረስቶ ነበር። ወረርሽኝ አንድ ጊዜ ጐብኝቶ የሚቀር እንዳልሆነ ታሪክ ይመሰክራልና፣ በእንዲህ ያለው ዘመን የሚኖር ሰው የየዓመቱን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይወስድ እንደ ሆነ፣ የሚወስድም ከሆነ መቼ ቢወስድ እንደሚበጀው ከወዲሁ ማወቅ ይገባዋል። የእኔን ፍርድ ሳልሸሽግ ላስቀድም፤ ወረርሽኙ እስኪያልፍ ብሎ ክትባቱን ማዘግየት ስሕተት ነው፤ ትክክለኛው ጊዜ ሰው ከሰው ጋራ ከሚሰበሰብበት ወቅት ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ አስቀድሞ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ግን መዘርዘር ይኖርብኛል።

ከሁሉ በፊት ሕመሙን ከስሙ መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን አፍንጫን የሚያፈስ፣ ጉሮሮን የሚከረክር፣ ራስን የሚያዞር ሕመም ሁሉ ጉንፋን ይባላል፤ ከንፈር ላይ ቁስል ወጥቶ ትኩሳት ከታየ ደግሞ ምች መትቶት ነው ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ጤና አዳም ይሸተታል፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይፈላል። እነዚህ የእናቶቻችን መድኃኒቶች ለቀላሉ ጉንፋን ማስታገሻ መሆናቸውን የሚነቅፍ የለም። ኢንፍሉዌንዛ ግን ድንገት በከባድ ትኩሳት የሚጀምር፣ አጥንትንና ጡንቻን የሚሰባብር፣ ብርቱውን ሰው ለሳምንት ከአልጋ የሚያውል፣ ሳንባው የደከመውን፣ በዕድሜ የገፋውን፣ ነፍሰ ጡሯንና ሕፃኑን ወደ ሳንባ ምች አድርሶ እስከ ሞት የሚያበቃ ሌላ ደዌ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ወረርሽኝ በሌለበት በሰላሙ ዓመት እንኳ ከ290 ሺሕ እስከ 650 ሺሕ የሚደርሱ ሰዎች ኢንፍሉዌንዛ ባመጣው የመተንፈሻ አካል ሕመም ይሞታሉ፤ በዚሁ ሳቢያ በታችኛው የመተንፈሻ አካል ሕመም ከሚያልፉት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናትም ከመቶ 99ኙ የታዳጊ አገሮች ልጆች ናቸው።

ኢትዮጵያ ይህን ደዌ በወረርሽኝ መልኩ ያወቀችው በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው። ያን ጊዜ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ሰሞን ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው መቅሠፍት አዲስ አበባ ገብቶ፣ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሰውን ስለ ፈጀ፣ እስከ ዛሬ የኅዳር በሽታ እየተባለ ይታወሳል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ከሞት ተርፈዋል፤ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸውም በከተማይቱ ከ10 ሺሕ የሚበልጥ ሰው ማለቁን ጽፈዋል። ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ የዚያ መዓት መታሰቢያ ነው። አበው በነበራቸው ዕውቀት የሚቻላቸውን አደረጉ፤ አየሩን ያነጻ መስሏቸው አጠኑ፤ በጸሎትና በምሕላ ተጉ። የሠለጠነው ዓለም ሐኪሞችም ከዚህ የተሻለ አልነበራቸውም፤ ሕመሙን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው ብለው ስላመኑ ያንን ባክቴሪያ ገድለው ክትባት ቢያዘጋጁም፣ ጠላቱ ሌላ ነበርና መርፌው የኢንፍሉዌንዛውን ቫይረስ አልነካውም።

እውነተኛው ተሐዋሲ፣ በዚያን ጊዜ ማጉያ መነጽር ሊታይ የማይችለው ቫይረስ፣ ከሰው ተወስዶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ለንደን ላይ ነው። ከዚያም ቫይረሱ በዶሮ እንቁላል ውስጥ እንደሚያድግ ተደረሰበትና፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት በመጀመሪያ ለአሜሪካ ወታደሮች፣ ቀጥሎም ለሕዝቡ የሚሆን ክትባት ተሠራ። ዛሬም ቢሆን አብዛኛው ክትባት የሚሠራው በዚያው በእንቁላል ነው፤ ቫይረሱ ይመረጣል፣ በእንቁላሉ ይረባል፣ ይገደላል፣ ይጣራል፣ ይመረመራል፤ ይህም ሁሉ ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። በዚህ ምክንያት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ዛሬ አስፈልጐ ነገ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ወቅቱን አስቀድሞ የሚያስብ ብቻ ይደርስበታል።

ከዚህ በላይ ደግሞ ይህ ቫይረስ በአንድ መልክ አይረጋም፤ አዳሪ መንገደኛ በየከተማው ልብሱን እንደሚለውጥ፣ እርሱም ከዓመት ወደ ዓመት የላይ ገጹን እየለወጠ ስለሚመጣ፣ አምና ያወቀው ሰውነት ዘንድሮ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት ሊቃውንት በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ በየካቲት ለሰሜኑ የምድር ክፍል፣ በመስከረም ለደቡቡ የምድር ክፍል የሚሆነውን የቫይረስ ዓይነት ይመርጣሉ። ለሰሜኑ የተዘጋጀው ክትባት ከነሐሴና ከመስከረም ጀምሮ ሲወጣ፣ የደቡቡ ከመጋቢትና ከሚያዝያ ጀምሮ ይወጣል። ክትባት የሚወስድ ሰው ሁሉ በብልቃጡ ወይም በመርፌው ላይ የተጻፈውን የወቅቱን ዓመትና የማብቂያውን ቀን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ያለፈው ወቅት ቅሪት በዚህ ወቅት ያለውን ቫይረስ በደኅና አይከላከልምና።

ሰውነትም የራሱ ጊዜ አለው። መርፌው ክንድ ላይ በተወጋበት ሰዓት ወዲያው ጥበቃ አይገኝም፤ ደም ውስጥ ተከላካይ ኃይል ተሰናድቶ እስኪቆም ሁለት ሳምንት ያህል ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የተገኘው ኃይል እያደር ይቀንሳል፤ በተለይም በሽማግሌዎችና በባልቴቶች ቶሎ ይደክማል። በጣም ቀድሞ የተከተበ ሰው ወቅቱ ሳያልቅ ጥበቃው ሊሳሳበት ይችላል፤ ሕመሙ ጎረቤት ከገባ በኋላ የሚሮጥ ደግሞ ሁለቱ ሳምንታት ሳይሞሉ ሊያዝ ይችላል። ክትባቱ ከቫይረሱ ጋራ በሚስማማበት ዓመት እንኳ የመታመምን ዕድል ከመቶ ከ40 እስከ 60 ያህል ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም፤ ነገር ግን የተከተበ ሰው ቢታመም እንኳ ሕመሙ የመክበዱና ሆስፒታል የመተኛቱ ነገር ያነሰ ይሆናል።

ጊዜን መቅደም ምን ያህል እንደሚረባ ለማየት ወደ እ.ኤ.አ. 1957 እንመለስ። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ሞሪስ ሂልማን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ፣ በሆንግ ኮንግ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በትኩሳት ተይዘው በየሐኪም ቤቱ ደጃፍ መሰለፋቸውን ጋዜጣ ላይ አነበበ። ሌላው ሰው አንብቦ ያለፈውን ወሬ እርሱ አላለፈውም፤ ናሙናው እንዲላክለት አድርጐ ቢመረምር፣ ቫይረሱ ከሽማግሌዎች በቀር የሰው ሰውነት የማያውቀው አዲስ ዓይነት ሆኖ አገኘው። ተማሪ ቤት ሲከፈት፣ በመስከረም ወር፣ አሜሪካ መግባቱ አይቀርም ብሎ ወሰነ፤ የዶሮ አርቢዎችም በዚያ ሰሞን ሊታረዱ የነበሩትን አውራ ዶሮዎች እንዳያርዱ አሳሰበ፤ ያለ አውራ ዶሮ የረባ እንቁላል፣ ያለ እንቁላል ክትባት የለምና። መስከረም ሲገባ ወረርሽኙ እንዳለው መጣ፤ እስከ መጸው ድረስም 40 ሚሊዮን ያህል ክትባት ተዘጋጅቶ ነበር። የብዙ ሰው ነፍስ የተረፈው መድኃኒቱ ከሌላው ጊዜ በርትቶ ሳይሆን ቀድሞ ስለ ተገኘ ነው።

እርግጥ ነው፣ መቸኰልም የራሱ ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ አዲስ ወረርሽኝ ይመጣል ተብሎ ከ40 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ከተከተበ በኋላ ወረርሽኙ ሳይመጣ ቀረ፤ ከተከተቡትም ጥቂቶች አካልን በሚያሰንፍ የነርቭ ሕመም ስለ ተያዙ ዘመቻው ቆመ። ይሁን እንጂ ያ የሆነው ለታሰበ ወረርሽኝ በጥድፊያ በተዘጋጀ ልዩ ክትባት ነው፤ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ሰዎች ከሚሰጠው ከመደበኛው ክትባት ጋራ መደባለቅ የለበትም። በ2001 ዓ.ም. የተነሣው የአሳማ ጉንፋን የተባለው ወረርሽኝም ሌላ ትምህርት ሰጥቶናል። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ከውጭ አገር በመጡ ሰዎች ላይ በኢትዮጵያ ታይቶ ነበር፤ ልዩ ክትባቱ ተሠርቶ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው ማዕበል አልፎ ሁለተኛው ጀምሮ ስለ ነበር ለብዙ አገሮች ዘገየ። ያ ቫይረስ ዛሬ አልጠፋም፤ ከየዓመቱ ኢንፍሉዌንዛ አንዱ ሆኖ፣ በየዓመቱ በሚታደሰው ክትባት ውስጥ ገብቷል።

ኮሮና በመጣ ጊዜ ግን ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። ሰው ጭምብል ለብሶ፣ ትምህርት ቤትና የአየር ጉዞ ተዘግቶ፣ እጅ መታጠብና ርቆ መቆም ልማድ በሆነበት ወራት፣ ኢንፍሉዌንዛ በብዙ አገሮች ከሞላ ጐደል ጠፋ። ከአራቱ ዋና ዋና የኢንፍሉዌንዛ ወገኖች አንዱ፣ ቢ ያማጋታ የሚባለው፣ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወዲህ በተረጋገጠ ምርመራ ስላልታየ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ከክትባቱ እንዲወጣ እስከ መምከር ደርሷል። ይህን የሰሙ ብዙ ሰዎች፣ ኮሮና ካለ ጉንፋን አይኖርም፣ ስለዚህ ክትባቱ ለምን ያስፈልጋል አሉ። ነገር ግን ጭምብሉ ሲወልቅና መንገዱ ሲከፈት ኢንፍሉዌንዛ ተመልሶ መጣ፤ ሁለት ዓመት ያህል ሳያገኘው የቆየው የሰው ሰውነትም ከወትሮው ይልቅ ደክሞ ጠበቀው። ከወረርሽኝ ጋራ የሚታገል ሕዝብ መቼ እንደሚደክምና ጥንቃቄውን መቼ እንደሚያላላ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ክትባት የወሰደ ሰው ግን ጥንቃቄው በላላበት ቀንም ጥበቃው ከእርሱ ጋራ ነው።

በአርባ ምንጭ አካባቢ ደግሞ ለመከተብ ሌላ ብርቱ ምክንያት አለ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ በቆላው ትኩሳት የያዘው ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ወባን ነው። ይህም ትክክል ነው፤ የወባ ምርመራ ሳይደረግ መዋል የለበትም። ነገር ግን በወረርሽኝ ዘመን ለአንዱ ትኩሳት ሦስት ተጠርጣሪዎች ይቆማሉ፤ ወባ፣ ኢንፍሉዌንዛና ወረርሽኙ። ከጣት ደም ተወስዶ ወባ የለም ሲባል፣ ሕመምተኛው ኮሮና ይሁን ጉንፋን ሳይታወቅ ለብቻው እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ ሐኪሙ መከላከያ ልብሱን ይለብሳል፤ አልጋ ይያዛል፤ ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ያው አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ይፈለጋል። በአርባ ምንጭ አጠቃላይ ሆስፒታልም ሆነ በጨንቻ ሆስፒታል፣ በየጤና ጣቢያውም፣ የሐኪምና የኦክስጅን ቁጥር የተወሰነ ነው። ኢንፍሉዌንዛን በክትባት ያስቀረ ሰው ለሌላው ሕመምተኛ አልጋ አተረፈ ማለት ነው፤ ሁለቱ ደዌያት በአንድ ሰው ላይ አብረው ቢወድቁ ደግሞ ጉዳቱ ከአንዱ ይብሳልና ራሱንም አተረፈ።

እንግዲህ ለጋሞ ሰው ጊዜው መቼ ነው? አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ጥርት ያለ የብርድ ወራት አላቸው፤ ኢንፍሉዌንዛም በዚያው ወራት ይበረታልና፣ የአሜሪካ ሐኪሞች በመስከረምና በጥቅምት ተከተቡ ይላሉ። በምድር ወገብ አቅራቢያ ባለችው አገራችን ግን ቫይረሱ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። የጋሞ ዝናብም ከሰሜኑ ክረምት ይለያል፤ ዋናው በመጋቢትና በግንቦት መካከል፣ ሁለተኛው በመስከረምና በኅዳር መካከል ይወርዳል፤ በደጋው በጉጌ ተራራ ዙሪያ ብርዱ ከቤት በማያስወጣበት ጊዜ፣ በቆላው በአባያ ዳር ሙዝ ይቈረጣል። ስለዚህ ለዚህ አገር ሰው የአየሩን ሳይሆን የጉባኤውን ቀን መቍጠር የሚሻል ይመስለኛል። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ባሉት ወራት፣ የዘመድ ጉዞው፣ ሠርጉ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ንግሥና ጉባኤ፣ የተማሪ ቤት መከፈት፣ ሁሉም ተከታትሎ ይመጣል። ለሰሜኑ ወቅት የተሠራው ክትባት የሚወጣውም በነሐሴና በመስከረም ስለ ሆነ፣ የሚያገኘው ሰው ከማስቃላ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ በጳጉሜን ወይም በመስከረም መባቻ ቢወስደው መልካም ነው። ያ ቀን ካለፈበት ግን ዓመቱ አለፈኝ ብሎ አይተወው፤ ደዌው ዓመቱን ሁሉ ባለበት አገር ዘግይቶ መከተብ ካለመከተብ ይሻላል።

የሚያገኘው ሰው ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ለሕፃናት በነፃ ከሚሰጡት ከመደበኛዎቹ የአገራችን ክትባቶች መካከል የየዓመቱ ኢንፍሉዌንዛ አልገባም፤ የሚፈልገው ሰው በአዲስ አበባ በሚገኙ አንዳንድ የግል ሐኪም ቤቶች ጠይቆ፣ ከኪሱ ከፍሎ ይወስዳል። ወደ አርባ ምንጭ የሚመጣ ቢሆን ደግሞ የመንገዱን ነገር ማሰብ ያሻል። ይህ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መኖር አለበት፤ ቢሞቅ ኃይሉ ይጠፋል፤ በረዶ ቢሆንም ደግሞ ይበላሻል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሕፃናቱ ክትባት ስትወጣ ትከሻዋ ላይ የምታንጠለጥለውን ሰማያዊ ሣጥን ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል፤ ከማቀዝቀዣው የወጣው የበረዶ ጥቅል ወዲያው ከብልቃጡ ጋራ አይገጠምም፤ ከላዩ ላብ እስኪያወጣ፣ ሲነቀነቅም በውስጡ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ብልቃጦቹ በመካከል ተደርድረው ክዳኑ ይገጠማል። በአርባ ምንጭ ሙቀት፣ መብራት በሄደ ቀን፣ ወይም በእግር በሚወጣ ዳገት ላይ፣ ይህን ሥርዐት የምትጠብቀዋ ወጣት ሴት የምትሠራው ሥራ ከሐኪሙ ሥራ አያንስም።

ልጆቿ በውጭ አገር ያሉባት እናት ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባል። ዛሬ በአርባ ምንጭ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ ልጅ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። በወረርሽኙ ዘመን በስልክ የሚደረገው ንግግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነበር፦ «እማዬ፣ አሁን ሐኪም ቤት መሄድሽ ይቅር፤ በሽታው ሲያልፍ ትከተቢያለሽ» ትላለች ልጅ፤ «ሲያልፍማ ምን ያደርግልኛል ልጄ?» ትላለች እናት። እናትየዋ ትክክል ናት። ልጅቱ የፈራችው በሐኪም ቤቱ ሰልፍ እናቷ እንዳትያዝ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መድኃኒቱ ሰው በሚቀንስበት ሰዓት ጭምብል አድርጎ መሄድና ተወግቶ ቶሎ መመለስ ነው። ልጆቿን ለመጠየቅ በጥቅምት ወይም በኅዳር ወደ አሜሪካ የምትሄድ እናት የምትገባው በብርዱ ወራት መግቢያ ስለ ሆነ፣ ከጉዞዋ ሁለት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ላይ ብትከተብ፣ ይህም ካልተቻላት ደርሳ በመጀመሪያው ሳምንት ብትከተብ ይበጃታል። ወደ መካ ለሐጅ የሚሄዱትም እንዲሁ ከጉዞው አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ከወረርሽኙ ክትባት ጋራ ስላለው ነገር ሕዝቡ ብዙ ተጨንቆ ነበር። በኢትዮጵያ የኮሮና ክትባት መሰጠት የጀመረው የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከተገኘ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን ነገሩ አዲስ ስለ ነበር፣ በሌሎች አገሮች ከሌላ ክትባት ሁለት ሳምንት እንዲራራቅ ይመከር ነበር፤ ብዙ ሰው ተከትቦ ነገሩ ከተመረመረ በኋላ ግን ምክሩ ተለውጦ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች ሁለቱን በአንድ ቀን፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ክንድ መስጠት እንደሚቻል አስታወቁ። ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ከመሰለፍ አንድ ጊዜ መጨረስ በወረርሽኝ ጊዜ ትርፍ ነው። በወረርሽኙ የተያዘ ሰው ግን ቀኑን አይቈጥር፤ ትኩሳቱ እስኪለቀውና ለብቻው የሚቈይበት ቀን እስኪያልቅ ቤቱ ይቀመጥ፤ ይህም መከተቡ እርሱን ስለሚጎዳው ሳይሆን ነርሷንና ሰልፈኛውን እንዳያስይዝ ነው። ቀላል የአፍንጫ ፍሳሽ ክትባት አያስቀርም። ባለፈው ጊዜ ይኸው ክትባት ብርቱ የሰውነት ቍጣ ያመጣበት ሰው ግን ሐኪም ሳያይ አይውሰድ። መርፌው ጉንፋን ያስይዛል የሚለው ወሬም መሠረት የለውም፤ በመርፌው ውስጥ ያለው ቫይረስ የሞተ ነው፤ አንድ ሁለት ቀን የክንድ መቈርቈርና ቀላል ትኩሳት ቢኖር ሰውነት ሥራውን መጀመሩን ያመለክታል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ኮሮናን አይከላከልም፤ የኮሮናውም ኢንፍሉዌንዛን አይከላከልም።

ክትባቱ በሚያንስበት አገር ማን ይቅደም ለሚለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሮና ዘመን የጤና ባለሙያዎችንና አረጋውያንን አስቀድመዋል፤ ቀጥሎም ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ፣ የሳንባና የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ሕፃናትም ይመጣሉ። ነርስ በኢንፍሉዌንዛ ስትወድቅ አንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚወድቀው፤ ክፍሉ ያለ ጠባቂ ይቀራል፣ ሕመሙም በእርሷ እጅ ወደ ደካማው ይሄዳል። ስለ ነፍሰ ጡሮች ደግሞ እኔ ከልቤ የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ይህን ክትባት መውሰድ አይችልም፤ ስለዚህ ያን ሕፃን ከሁሉ ይልቅ የሚጠብቀው እናቱ በእርግዝናዋ ወራት ተከትባ በደሟ ያሳለፈችለት ኃይል ነው። ለእርሷ የመስቀልም የጥምቀትም ቀን አይጠበቅም፤ በማንኛውም የእርግዝና ወር መውሰድ ትችላለች።

በወረርሽኝ መካከል ክትባት ማዳረስ አይቻልም የሚል ካለ፣ በራሳችን አገር የሆነውን ያስታውስ። በ2012 ዓ.ም. የታቀደው የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ በኮሮና ምክንያት ለጥቂት ወራት ቢዘገይም፣ በሰኔ መጨረሻ ተጀምሮ፣ ከ14 ሚሊዮን የማያንሱ ሕፃናት በመላው አገሪቱ ተከትበዋል። እናቶች ተራርቀው ቆሙ፣ ነርሶች ጭምብል አድርገው እጃቸውን እየታጠቡ ወጉ፣ ቀኑም ሰው እንዳይጨናነቅ ተራዘመ። በዚህ መንገድ ለኩፍኝ የተቻለው ለኢንፍሉዌንዛም ይቻላል፤ የጎደለው ክትባቱ ነው እንጂ መንገዱ አይደለም። ደዌው መኖሩን የሚያሳየን ቅኝትም አለን፤ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ጤና ጣቢያዎች ኢንፍሉዌንዛን ይከታተላል፤ ከመጀመሪያዎቹ የቅኝት ጣቢያዎች አንዱም የጋሞ ሸማኔዎች የሚኖሩበት የሽሮ ሜዳ ጤና ጣቢያ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለሁለት ወገን አቀርባለሁ። የጤና ሚኒስቴርና የክልሉ ጤና ቢሮ፣ ሁሉን ማዳረስ ባይቻል እንኳ፣ በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ለሚሠሩት ሁሉና ለእርግዝና ክትትል ለሚመጡ እናቶች የሚበቃ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከማስቃላ በፊት ወደ አርባ ምንጭ፣ ከዚያም ወደ ደጋው ወረዳዎች እንዲደርስ በጀት ይያዙለት፤ ወረርሽኝ ከገባ በኋላ ሳይሆን ከአሁኑ፣ እንቁላሉ ስድስት ወር ይፈልጋልና። የጋሞ አባቶች ደግሞ፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. እርጥብ ሣር ይዘው በቍጣ በተነሡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ጥፋትን ያስቀሩት እነዚያው አባቶች፣ በሸንጎው አደባባይ በዱቡሻ ስለ ክትባት ቢናገሩ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማሉና፣ ነርሷን ጠርተው በፊታቸው እንድታስረዳ ያድርጉ። አንባቢ ሆይ፣ በቤትዎ ነፍሰ ጡር፣ በዕድሜ የገፋ ወላጅ ወይም ወደ ብርድ አገር የሚሄድ ሰው ካለ፣ ጳጉሜን ሳይደርስ ሐኪም ዘንድ ሄደው የዚህ ዓመት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የት እንደሚገኝ ይጠይቁለት።